ወታደር ላይ የተነፋ ትራምፔት፦ ከጋሼ መኮንን ጋር ወደ ካልጋሪ

ቅዳሜ ንጋት፣ ኤድመንተን

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን ብል ውሸት ይሆናል። በሐምሌ ወር እዚህ ጎህ የሚቀደው ሰው ገና ጋደም እንዳለ ነው። ፀሐይዋ ቀድማን ወጥታ፣ የደጁን አስፋልት አሙቃ ነው የጠበቀችን። ቴርሞሴንና የሳንድዊች ከረጢቴን አንጠልጥዬ ስወጣ አጎቴ ጋሼ መኮንን መኪናው አጠገብ ቆመዋል። ግራጫ ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ፊት የሚያሳይ ጥቁር ጫማ። የትራምፔታቸውን ሳጥን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

«ጋሼ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው እኮ። በዚህ ሱፍ ይቀቀላሉ።»

«ሙዚቀኛ ሳይለብስ አይሳፈርም። በይ ክፈቺው።»

ሳጥኑን ከኋላ ላስቀምጠው ብል አሻፈረኝ አሉ። የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው የደኅንነት ቀበቶ አሰሩለት። የራሳቸውን ቀበቶ ግን ሁለት ጊዜ ለምኜ ነው ያሰርኳቸው።

ጋሼ መኮንን የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከእኔ ጋር፣ ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ይኖራሉ። በደርግ ዘመን በጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ስማቸው መኮንን ይሁን እንጂ ማዕረጋቸው ከአስር አለቃ አላለፈም። «ስሜን ሲሰሙ እጃቸውን ለሰላምታ ያነሣሉ፤ ትከሻዬን ሲያዩ መልሰው ያወርዱታል» ይላሉ። ካናዳ ከመጡ ወዲህ የሚነፉት ሠርግ ላይ ብቻ ነው። ሙሽሮች ሲገቡ ይነፋሉ፣ ኬክ ሲቆረስ ይነፋሉ፣ ከዚያ ሳጥኑ ይዘጋል። ሌላ ቦታ ንፉ ቢሏቸው «የታዘዝኩትን ጨርሻለሁ» ነው መልሳቸው።

የዛሬው ጉዞ ምክንያት ሐያት ናት። ሐያት ካልጋሪ ያለችው የጓደኛዬ የዘሃራ ልጅ ናት፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ የነርሲንግ ተማሪ፣ ቁመቷን የሚያህል ባሪቶን ሳክስፎን የምትጫወት። ከጓደኞቿ ጋር ባንድ አላቸው። ትራምፔተኛቸው ሥራ አግኝቶ ቫንኩቨር ስለገባ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። «አንቲ አዜብ፣ ፕሊስ፣ አጎትሽ ይምጣ... አይ ሚን፣ ይምጡ። አፍሮቢት ነው የምንጫወተው። ሱፐር ፈን ነው።»

እኔም አፍሮቢት ሲባል ልጆቹ ሠርግ ላይ ወገባቸውን የሚሰብሩበት ዘፈን መሰለኝ። ለጋሼም «የጭፈራ ነገር ነው» አልኳቸው። እንደዚያ ነበር የማውቀው።

ረፋድ፣ ሀይዌይ ሁለት ላይ

ከከተማ እንደወጣን መንገዱ እንደ ገመድ ቀጥ ይላል። በግራም በቀኝም ሜዳ፤ ሜዳው ሁሉ ቢጫ። የሣር ክምሮች፣ ጭራቸውን የሚያወናጭፉ ፈረሶች፣ ከሩቅ የሚታይ የእህል ጎተራ፣ እንደገና ቢጫ። እዚህ ካኖላ ይሉታል።

«ይሄ ጎመን ዘር ነው» አሉ ጋሼ።

«ካኖላ ነው የሚሉት ጋሼ፣ ዘይት ያወጡለታል።»

«ጎመን ዘር ነው አልኩሽ። እኛ ምጣድ የምናስስበትን እነሱ አገር አለበሱበት።» ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ አዩ። ከዚያ ግዙፍ የጭነት መኪና እንደ ነጎድጓድ አልፎን ሲሄድ የኋላውን ወንበር ዞር ብለው አዩት፤ ትራምፔቱ ደህና ነው።

መንገድ ላይ ወሬያቸው ጥሩ ነው። ስለ ማርሽ ባንድ አወሩልኝ። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ከውጭ ይመጣሉ ተብሎ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈው፣ ዝናብ ሲደበድባቸው አርፍደው፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ «ንፋ!» ተባሉ። በሩ ተከፈተ፤ ባንዱ ነጎደ። ከውስጥ የወጣው መጥረጊያ የያዘ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ሰውዬው ለካ በሌላ አውሮፕላን ቀድመው ገብተዋል።

«ታዲያ አቆማችሁ?»

«ማን አቁሙ አለን? አዛዡ ዱላውን እስኪያወርድ ድረስ ለጽዳት ሠራተኛው ነፋንለት። ያ ምስኪን መጥረጊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። አሁን ሳስበው ከመጡት ሁሉ በሥርዓት ያዳመጠን እሱ ነው።»

ሬድ ዲር፣ ማደያው

ሬድ ዲር የሁለቱ ከተሞች መሐል ናት፤ ሰው የሚቆመው ለሦስት ነገር ነው፦ ለቤንዚን፣ ለቡና፣ ለሽንት ቤት። ሦስቱንም አደረግን። ሳንድዊቻችንን መኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግተን ስንበላ ስልኬ ጮኸ። ሐያት የፕሮግራሙን ፖስተር ልካለች። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ትልቅ የወታደር ቡትስ ጫማ ተሥሏል፤ ከጫማው ውስጥ ትራምፔት እንደ ተክል በቅሏል።

«የጫማ ማስታወቂያ ነው?»

ጽሑፉን አነበብኩ። አንብቤም እንደገና አነበብኩ።

«ምን ይላል?»

«‹ወታደር ወደ ሰፈሩ!› ይላል። ‹ወታደራዊ አገዛዝን በአፍሮቢት የምንቃወምበት ከሰዓት፤ ካልጋሪ ራንድል፣ መግቢያ በነጻ።›»

ጋሼ ሳንድዊቻቸውን በጥንቃቄ መልሰው ጠቀለሉት። ለሐያት ደወልኩና ጋሼም እንዲሰሙ ድምፁን ከፈትኩ።

«ጋሼ! ሃይ! ደህና ነህ? ኖ ኖ፣ ሶሪ፣ ደህና ነሽ? ዌት። ደህና ነዎት!»

«ደህና ነኝ ልጄ። ይሄ ነገር ፖለቲካ አለበት እንዴ?»

«ላይክ... ሁሉም ፖለቲካ ነው፣ ጋሼ።»

«አዜብ ጭፈራ ነው ብላኛለች።»

«ኦ! አንቲ ያሰበችው አፍሮቢትስ ነው። ኤስ ያለው። ያ ዘ ፓርቲ ዋን ነው። የኛ ኤስ የለውም። ሌጎስ ነው የተጀመረው፣ ወታደሮቹ ሲገዙ። እነሱን ኢንሰልት ያደርጋል፣ ሶንጉ በጣም ረጅም ነው፣ ኤንድ ደን ሙዚቀኞቹ ይታሰራሉ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጋሼ ነገሩን ለራሳቸው አጠቃለሉት። «ኤስ ያለው ያስጨፍራል፤ ኤስ የሌለው ያሳስራል።» ወደ መኪናው ገብተው በሩን ዘጉ። «አዙሪ። ወደ ቤት።»

«ጋሼ፣ ካናዳ ነን እኮ!»

«ወሬ እግር አለው። ይሄን ዕድሜ የደረስኩት የታዘዝኩትን ብቻ ስለነፋሁ ነው።»

ሲናገሩ አልሳቁም፤ እኔም መሳቄን ተውኩት።  ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው፦ ብንመለስም ብንሄድም መንገዱ እኩል ነው፤ ዘሃራ ደግሞ ከትናንት ጀምራ ሳምቡሳ ስትጠቀልል ነው ያደረችው። ጋሼ ጎመን ዘሩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

«እንሄዳለን። እንበላለን። አልነፋም።»

ቀትር፣ ስካይቪው ራንች

ስካይቪው ራንች የካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያለ አዲስ ሰፈር ነው። ቤቶቹ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ፤ ስማቸውም ያው ነው፤ ጎዳናውም፣ መታጠፊያውም፣ መውጫ የሌለው መንገዱም ስካይቪው። ጂፒኤሷ «ደርሰዋል» ብላን አንድ የማናውቀው ሰውዬ ሣሩን እያጠጣ እጁን አወዛወዘልን። ደግሞ ሌላ ስካይቪው ገባን። በመጨረሻ ጋሼ መስኮቱን አውርደው ጆሯቸውን አወጡ።

«ቤዝ ጊታር ይሰማኛል። ወደ ግራ።»

በጆሯቸው እየመሩኝ ደረስን። የዘሃራ ቤት ጋራዥ ተከፍቷል፤ ባንዱ መኪናዎቹን አስወጥቶ ሙሉውን ይዞታል። የጋራዡ ግድግዳ ባለፈው የበረዶ ውርጅብኝ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። ሁለት ጊታር፣ ድራም፣ ኮንጋ፣ በዶቃ መረብ የተሸፈነ ትልቅ ቅል የምታንቀጫቅጭ ልጅ፣ ነፊዎች፣ ዘፋኞች። ካልጋሪ የተወለዱ የሐበሻ ልጆች፣ የናይጄሪያ ልጆች፣ አንድ ኦርጋን የሚጫወት ፊሊፒኖ። ሁሉም በልብስ ማጠቢያው ማሽንና በበረዶ አካፋው መሐል ተጠጋግተው ቆመዋል። ኦርጋኑ የተቀመጠው ማቀዝቀዣው ላይ ስለሆነ ዘሃራ ሥጋ ባወጣች ቁጥር ሙዚቃው ይቆማል።

ሐያት ሳክስፎኗን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ መጣች። የጋሼን ትከሻ ልትስም ጎንበስ ስትል ሳክስፎኑ ጉልበታቸውን መታቸው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ሶሪ ጋሼ! አመመህ? አመመዎት?»

«ሁለቱንም አሞኛል» አሉ ጋሼ።

ከልጆቹ መሐል አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሚስተር ኮላ ይባላል። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጥንት ሌጎስ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። ባንዱን ያስተማረውም የሚመራውም እሱ ነው። ሰፊ ብርቱካናማ ሸሚዝ፣ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ሳቅ። ጋሼን ከእግር እስከ ራስ አያቸውና በእንግሊዝኛ «ወታደር ነህ» አላቸው።

«ነበርኩ። ሙዚቀኛ ወታደር።»

«እኔን ደግሞ ወታደር አስሮኛል» አለ ሚስተር ኮላ በደስታ። «መጀመሪያ ግን ትሮምቦኔን ነው ያሰሩት። ክለቡን ሰብረው ገቡ፤ እኔ በመስኮት ዘለልኩ፤ ትሮምቦኑ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። ዘብ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት፤ አንዱ ወታደር ቆብ ሰቅሎበታል። ‹የማን ነው?› አሉኝ። ‹የኔ› አልኩ። ያኔ እኔንም አስገቡኝ።»

ጋሼ ሳይፈልጉ ሳቁ። ከዚያ የሁለቱ ሽማግሎች ፉክክር ተጀመረ፤ የማን ወታደር ይብሳል የሚል። ጋሼ ስለ ሰዓት እላፊ አወሩ፦ ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም ዳንሰኛውም ተቆልፎበት ያድር ነበር፤ ጭፈራ ያልወደደም ጨፍሮ ያድራል። ሚስተር ኮላ መንገድ ላይ ወታደሮች የእንቁራሪት ዝላይ ስለሚያሠሯቸው ሹፌሮች አወራ። ልጆቹ ሳምቡሳቸውን ይዘው እንደ ኳስ ጨዋታ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያያሉ።

«የኛን ሳክስፎን ነፊ ያሰሩት በትርፍ ኖታ ነው» አሉ ጋሼ።

ሚስተር ኮላ አልገባውም። ጋሼ ሳምቡሳቸውን አስቀመጡ።

«ደምሴ ይባላል። ከጎኔ ነበር የሚቆመው። በሰልፍ ቀን ማርሹን ስንነፋ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ኖታ ጨመረ። ሁለት ብቻ። ቆንጆ ነበሩ፤ እኔ ሰምቼ ፈገግ አልኩ። አዛዡም ሰማ። ‹በአብዮቱ ላይ ማሾፍ› አሉት። ሁለት ወር አሰሩት፤ ለአንድ ኖታ አንድ ወር። ሲወጣ ሳክስፎኑን አልነካም አለ። እስኪሞት አልነካም።»

 እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የጋሼን ወሬ ሁሉ ሰምቻለሁ፤ የአውሮፕላኑን፣ የማዕረጉን፣ የሰዓት እላፊውን። ይህን ግን ሰምቼው አላውቅም።

ሚስተር ኮላ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ወንድሜ፣ እኛ የምንጫወተው ሙዚቃ ውስጥ ያለው ትርፍ ኖታ ብቻ ነው» አለ። «ዘፈናችን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሃያውን ደቂቃ ልትወስደው ትችላለህ።»

«አልነፋም ብያለሁ» አሉ ጋሼ፤ ግን ድምፃቸው ሬድ ዲር ላይ እንደነበረው አልነበረም። «ለመሆኑ ዘፈኑ ምን ይላል?»

ሐያት ተረጎመችላቸው። «‹ሶልጀር፣ ወደ ቤትህ ሂድ፣ ሾርባህ ቀዝቅዟል።› ዛትስ ዘ ኮረስ፣ ሁሉም ሰው ሪፒት የሚያደርገው። ወደ... ባራክስ ምንድን ነው በአማርኛ?»

«የጦር ሰፈር። ‹ወደ ሰፈርህ ግባ› ነው የሚለው?» ጋሼ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይሄማ በአፍ አይባልም። የራሱ ጡሩምባ አለው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ወታደር በአፍ ሲነግሩት አይሰማም፤ በጡሩምባ ነው። መነሻ አለው፣ ምሳ አለው፣ ወደ ሰፈር መግቢያ አለው።» ቀበቶ ታስሮለት የመጣውን ሳጥን አስመጥተው ከፈቱ። «ለትምህርት ያህል ነው» አሉ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጉንጫቸው ሞላ። አጭር፣ ጥርት ያለ፣ እምቢ የማይባል ድምፅ። ከጎረቤት የሆነ ውሻ ጮኾ ዝም አለ።

ሚስተር ኮላ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጋራዡን ዞረው። «ከኮረሱ በፊት!» አለ። «እሱን ከኮረሱ በፊት!»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። «እሱን ብቻ» አሉኝ። «የታዘዘ ጡሩምባ ነው። አልጨምርበትም።»

ከሰዓት፣ ራንድል

ፕሮግራሙ ራንድል ውስጥ ካለ አዳራሽ ጀርባ፣ ሣር ላይ ነው። አረፈድን። ማርቲንዴል የሚባለውን ሰፈር አቋርጠን ስንመጣ ሚስተር ኮላ ከፊት እየመራን፣ እያንዳንዱ የአውቶቡስ ፌርማታ ጋ ሲደርስ በልማድ ፍጥነት ይቀንሳል። ያገኘሁት ባዶ ቦታ ላይ ፓርክ አድርጌ ሮጥኩ።

ሰው ሞልቷል። የሱዳን ሽማግሌዎች በነጭ ጀላቢያ፣ የማሊ ሴቶች እንደ ፀሐይ በሚያበራ ልብስ፣ ጋሪ የሚገፉ የሐበሻ እናቶች፣ ጃንጥላ ይዘው የመጡ የሰፈሩ ነጮች። የሚስተር ኮላ ባለቤት በርበሬና ኦቾሎኒ ያሸችውን ሥጋ በስንጥር ሰክታ ከሰል ላይ ትጠብሳለች፤ ሱያ ይሉታል፤ ጢሱ አዳራሹን አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይጠራል። አንዲት ልጅ «ጄኔራል አንክል፣ ፕሊስ ሪታየር» የሚል ካርቶን ይዛለች።

ባንዱ ጀመረ። የአፍሮቢት አጀማመር ችኮላ የለውም። መጀመሪያ አንድ ጊታር ብቻውን፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቲክ ቲክ ይላል። ቀጥሎ ሌላው ይገባል። ቅሉ ይንቀጫቀጫል። ድራሙ ሲገባ የማታውቀው ጡንቻህ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ጊዜ ሄዶ፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ነው ስትል፣ ያኔ ገና ነፊዎቹ ይነሣሉ። ሚስተር ኮላ ማይኩን ይዞ እንደ መርማሪ ሕዝቡን ይጠይቃል፦ «ጄኔራሉ ለስድስት ወር ነው የመጣሁት አለ። ስንት ዓመት ሆነው?» ሕዝቡ ይመልሳል። «ቤተ መንግሥቱን ማን ሰጠው?» ሕዝቡ ይመልሳል። ጋሼ ከመድረኩ ዳር፣ ለመውጫው ቅርብ በሆነው ቦታ፣ በሱፋቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኮረሱ በፊት ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ትክክል፣ ንጹሕ፣ ያለ ጭማሪ፤ ከዚያ መሣሪያውን ዝቅ። ጡሩምባው በተነፋ ቁጥር ሕዝቡ ይጮኻል።

በሦስተኛው ኮረስ ፖሊስ መጣ።

ረጅም፣ ወጣት፣ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ሕዝቡን እየከፈለ በቀጥታ ወደ መድረኩ ሄደ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ረገበ። አንዱ «ቡ!» አለ፤ ሌሎች ተከተሉት። ፖሊሱ ደረጃውን ወጣ። ጋሼን አየኋቸው። ትራምፔቱን ከጀርባቸው ደብቀው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን አየር ላይ ተክለው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። የማውቃቸው አጎቴ አልነበሩም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የቆመው ልጅ ነበሩ። ልቤ ተሰበረ። ምን አድርጌ አመጣኋቸው አልኩ።

ሚስተር ኮላ ማይኩን ለፖሊሱ ሰጠው። ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ። የኤድመንተን ስቲከር ያለባት ሰማያዊ ኮሮላ የማን ናት? የአይስክሬም መኪናው መግቢያ ላይ ቆማለች።»

 ከዚያ ሣሩ በሳቅ ተናወጠ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባልጠላሁ። እጄን አወጣሁ። «የኔ ናት!» ስል ሕዝቡ ጭብጨባ አወረደብኝ።

ጋሼ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ፖሊሱን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ እየሳቁ ነበር። ዕንባቸውን በሱፋቸው እጅጌ ጠረጉ። ፖሊሱ ማይኩን መልሶ ደረጃውን ሲወርድ፣ ማንም «ንፋ» ሳይላቸው፣ የኮረሱ ጊዜ ሳይደርስ፣ ትራምፔቱን ከጀርባቸው አወጡና ጀርባውን እያዩ ነፉት። ወደ ሰፈርህ ግባ!

ፖሊሱ እግሩ ደረጃው ላይ እንዳለ ቆመ።  ሚስተር ኮላ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ «ጌታው፣ ይሄ ጡሩምባ ወደ ጦር ሰፈርህ ተመለስ ማለት ነው» ብሎ ተረጎመ።

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። «ብችል ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ሺፍቴ ገና አላለቀም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ መኪናዬን ላነሣ እየሮጥኩ ነበር። ጩኸቱ ከኋላዬ እንደ ጎርፍ ፈነዳ፤ ድራሙ ተመልሶ ገባ፤ በላዩ ላይ የጋሼ ትራምፔት። ጡሩምባው ነበር፤ ያው አጭሩ ጥሪ። ግን መጨረሻው ላይ አላቆመም። ሁለት ኖታ ተጨመረ። ከዚያ ሦስተኛ። ከዚያ መቁጠር የማይቻል ሆነ፤ ጥሪው ተገለበጠ፣ ተዘረጋ፣ እንደ እኛ ሠርግ እስክስ አለ፣ እንደ ሌጎስ ተራገመ፣ ተመልሶ አሾፈ።

አይስክሬም ሻጩ ጥምጥም ያደረጉ የፑንጃብ ሽማግሌ ናቸው። ልቆጣ ነው ብለው መስኮታቸውን አውርደው ነበር፤ አልተቆጡም። ልጆችን የሚጠራውን የመኪናቸውን ዜማ አጠፉ።

«ማን ነው የሚነፋው?» አሉኝ።

«አጎቴ ናቸው።»

«ታዲያ አንቺ ለምን እዚህ ቆመሻል?»

«መኪናዬን ላነሣ።»

«ተይው» አሉኝ። «ይለፍና ታነሺዋለሽ።» መኪናዬ ውስጥ ገባሁና፣ ሁለታችንም መሪያችንን ጨብጠን፣ አፍንጫ ለአፍንጫ እንደተፋጠጥን፣ እስኪያልቅ ሰማን። ረጅም ነበር። ከሕይወቴ ውስጥ በጣም የኮራሁበትን ሰዓት ያሳለፍኩት የተከለከለ ቦታ ላይ ቆሜ ነው።

ስመለስ ጋሼ ከመድረኩ ጀርባ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሱፋቸውን አውልቀዋል፤ እኔ ሳውቃቸው በሰው ፊት ሱፍ አውልቀው አያውቁም። በአንድ እጃቸው ትራምፔቱን፣ በሌላው የሱያ ስንጥር ይዘዋል። ሐያት አጠገባቸው ተንበርክካ ውኃ ይዛለች።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«ሰማሁ ጋሼ።»

«የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የደምሴ ናቸው። አልረሳኋቸውም።» ጉንጫቸው ላይ ዕንባ ወረደ። በፍጥነት ጠረጉት። «የሴትዮዋ በርበሬ ያቃጥላል።»

«ጋሼ» አለች ሐያት በቀስታ፣ «ገና አልቀመሱትም እኮ።»

ይህን ዐረፍተ ነገር ያለ አንድ ስህተት ተናገረችው።

ምሽት፣ የመልስ መንገድ

በሐምሌ ምሽቱም ብርሃን ነው። ጎመን ዘሩ ወርቅ መስሎ ቆይቶን ነበር። ሚስተር ኮላ ጋሼን ሲሰናበት አቅፎ አንሥቷቸው ስለነበር ወገባቸውን ይዘዋል። ኋላ ወንበር ላይ የዘሃራ ሳምቡሳ ከትራምፔቱ ጋር አንድ ቀበቶ ታስሮለታል።

ሬድ ዲር ስንደርስ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ድንገት፦ «ያ ፖሊስ ስሜን ወሰደ እንዴ?»

«አልወሰደም። የኔን ነው የወሰደው።»

«አሰረሽ?»

«‹ምልክት አንብቢ› ብሎ ለቀቀኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለፖሊስ ትእዛዝ ሰጠሁ እኮ» አሉ፣ ግማሽ በፍርሃት ግማሽ በኩራት። «አስር አለቃ ሆኜ!» ቀጥሎም፣ ለእኔ ይሁን ለመስኮቱ፦ «ዱላውን ፈለግሁት። ልጀምር ስል የአዛዡን ዱላ ፈለግሁት። የለም። ታዲያ ማን ያስጀምረኝ አልኩና ጀመርኩ።»

ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ልቀሰቅሳቸው አልፈለግሁም።

እሑድ ጠዋት፣ ኤድመንተን

በትራምፔት ድምፅ ነቃሁ። በመስኮት ሳይ ጋሼ በፒጃማ ጓሮ ቆመው ይነፋሉ። ጎረቤታችን ዳግ ሣር ማጨጃውን አቁሞ አጥሩን ተደግፏል። ዳግ ጨዋ ሰው ነው፤ ለመቆጣት እንኳ መጀመሪያ ስለ አየሩ ያወራል።

«ጥሩ ጠዋት ነው» አለ። «ምን ተገኝቶ ነው?»

ጋሼ ትራምፔቱን ከአፋቸው አነሡ። «ወታደራዊ አገዛዝን እየተቃወምኩ ነው።»

ዳግ በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። «እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እስኪወርዱ ድረስ።»

ዳግ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ወንበር ሊያመጣ ወደ ቤቱ ገባ።